ከመሬት በታች ለአንድ ቀን፦ ስለ ቀጰዶቅያ ጉብኝት ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ወር ቱርክ ደርሼ መመለሴን ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ጥያቄ መጣልኝ። አብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው፤ በድንጋይ ሸለቆዎቹና ከመሬት በታች በተፈለፈሉት መኖሪያዎች የሚደረገው የአንድ ቀን ጉብኝት። ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ከከተማችን ዳርቻ የመጡ ናቸው።

*ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዓለም ገና ነው። ዕቃ ለማምጣት ኢስታንቡል እመላለሳለሁ፤ ከገበያና ከሆቴል ሌላ ግን ያየሁት የለም። ዘንድሮ እናቴን ይዣት ልሄድ ነው። 66 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ሰው ሁሉ ካፓዶቅያ ካፓዶቅያ ይላል። በአስጎብኚ የሚሄዱበት ቀይ እና አረንጓዴ የሚባል መስመር አለ አሉ። ያለን አንድ ቀን ብቻ ነው። የቱን ልውሰድ? እናቴ ከመሬት በታች ያለውን ከተማ ትችለዋለች?*

እህቴ፣ ሂጂ። እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ግን አረንጓዴውን ተዪውና ቀዩን ውሰዱ።

አረንጓዴው ወደ ደቡብ የሚሄደው ነው። ደሪንኩዩ ወይም ካይማክሊ የሚባሉት የምድር ውስጥ ከተሞች፣ ከዚያ የኢህላራ ሸለቆ፣ ከዚያ ደግሞ ሴሊሜ የሚባለው ከዓለት የተፈለፈለ ገዳም እዚህ ውስጥ ናቸው። በጣም ያምራል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ደረጃ ነው። ኢህላራ ለመውረድ ብቻ ወደ 400 የሚጠጋ ደረጃ አለ። ደሪንኩዩ ውስጥ ደግሞ ጎንበስ ብለሽ፣ ጀርባሽን አጥፈሽ፣ ሰው ከኋላ ሰው ከፊት እየሆነ ነው የምትወርጂው፤ መሀል ላይ ደክሞኛል ብሎ ቁጭ የሚባልበት ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ጉልበት ለሚያማቸው እናት ይሄ ሽርሽር አይደለም። ትንፋሽ ግን አያሳስብሽ፤ አገሩ ከእኛ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎብኚ የሚያድርባት ከተማ ጎረሜ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ናት፣ እናንተ ከ2,000 ሜትር በላይ የምትኖሩ ሰዎች ናችሁ።

ቀዩ የሰሜኑ መስመር ነው። ከዓለት የተፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያኖች ያሉበትን ደጅ ላይ ያለውን የጎረሜ ሙዚየም፣ ቆብ የደፉ የሚመስሉትን የድንጋይ ዓምዶች፣ አቫኖስ ላይ ደግሞ ከቀዩ ወንዝ ጭቃ ሸክላ ሲሠራ ያሳያችኋል። እዚህም ደረጃ አለ፣ አልዋሽሽም፤ ግን አጭር አጭር ነው። እናትሽ ያልቻሉትን ትተው ጥላ ስር ሊጠብቁሽ ይችላሉ። ዓምዶቹን ቱርኮቹ የመናፍስት ጭስ ማውጫ ነው የሚሏቸው። የተሠሩት ከእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ተከማችቶ፣ ተጠቅጥቆ ለስላሳ ድንጋይ ሆነ፤ በላዩ እንደኛው ጥቁር ድንጋይ ያለ ጠንካራ ነገር ተነጠፈበት። ዝናብና ንፋስ ለስላሳውን ሲበሉት ጠንካራው እንደ ባርኔጣ አናቱ ላይ ቀረ። ሰዎቹም የድንጋዩን ልስላሴ አይተው ቤታቸውን በመሮ ፈለፈሉበት። ሲቆርጡት ለስላሳ ነው፣ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል።

አሁን ደግሞ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ ያልኩበትን ዋናውን ምክንያት ልንገርሽ። ካፓዶቅያ የምትባለው አገር በመጽሐፍ ቅዱሳችን ቀጰዶቅያ የተባለችው ናት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2፣ በጰራቅሊጦስ ቀን ኢየሩሳሌም ከተገኙት መካከል የቀጰዶቅያ ሰዎች አሉ። ጴጥሮስም የመጀመሪያ መልእክቱን ከጻፈላቸው መካከል ናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴው የሚቀደስለት ቅዱስ ባስልዮስ የዚያ አገር ሰው ነው፤ ጳጳስ የነበረባት ቂሳርያም ዛሬ ካይሴሪ የምትባለው ከተማ ናት። በአውሮፕላን ከሄዳችሁ ምናልባት እዚያው ታርፉ ይሆናል። ይሄን ለእናትሽ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሪያቸው። እኔ ማንም ሳይነግረኝ ሄጄ፣ አስጎብኚው ባስልዮስ ብሎ ስሙን ሲጠራ ነው የባነንኩት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ስም ነዋ። አውቶቡሱ ውስጥ እንባዬ መጣ።

ሙዚየሙ ውስጥ ያሉት ቤተ ክርስቲያኖች ከባስልዮስ ዘመን ብዙ ቆይተው የተፈለፈሉ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። እናትሽ እንዳያመልጣቸው የምለው ጨለማው ቤተ ክርስቲያን የሚባለውን ነው። መስኮቱ ትንሽ ስለሆነ ብርሃን ብዙም አልገባበትም፤ ስለዚህ የሥዕሉ ቀለም ዛሬም ትናንት የተቀባ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ለብቻው ያስከፍላል፤ አትሰስቺ፣ ክፈዪ። ሌላው እባብ ያለበት የሚሉት ነው። እዚያ ግድግዳው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ ታያላችሁ። እናትሽ አስጎብኚ ሳያስፈልጋቸው ያውቁታል።

ጥቂት ነገር ልጨምርልሽ። ከኢስታንቡል በአንድ ቀን ደርሶ መልስ እንሂድ እንዳትዪ። በረራው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ግን ሌሊት ተነስቶ ሌሊት መመለስ ለእናትሽ ከባድ ነው። ጎረሜ ወይም ኡርጉፕ አንድ ሌሊት እደሩ። ከመክፈልሽ በፊት መግቢያው፣ ምሳውና ከሆቴል መውሰዱ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ የጾም ምሳ ቀድመሽ እዘዢ። የምስር ሾርባቸው ግሩም ነው፤ ግን አንዳንዱ ቅቤ ያስገባበታል፣ ጠይቂ።

የመጨረሻው ምክሬ ይሄ ነው፤ ዩሮ ከመክፈልሽ በፊት ሰፈርሽ አጠገብ ሞክሪው። ከዓለም ገና በቡታጅራ መንገድ ስትሄጂ አዳዲ ማርያም አለች። ከዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በአፈ ታሪክ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ትያያዛለች። ወደ ታች ወርዳችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትገቡት። ከወር ውስጥ 21 ሰው ይበዛልና ሌላ ቀን ምረጪ። እናትሽ እዚያ ወርደው ወጥተው ጉልበታቸው ማታ ምን እንደሚላቸው እዪ። ማታ ደህና ከሆኑ ጎረሜንም ይችሉታል።

*ጥያቄ፦ ሰላም! ከሱሉልታ ነኝ። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ አረንጓዴውን መስመር ልንሄድ አስበናል። ያለ አስጎብኚ መኪና ተከራይተን ብንሄድስ? ሌላው ደግሞ እኔ ሊፍት ውስጥ እንኳን ስገባ ልቤ ይመታል። ምድር ውስጥ ብገባ ምን እሆናለሁ? በእውነት ሰው እዚያ ይኖር ነበር እንዴ?*

ሸለቆውን ያለ አስጎብኚ ብትሄዱት ችግር የለም። ኢህላራ አንድ ወንዝ ይዞ የሚሄድ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ገደል ነው፤ ከታች ዛፍና ውሃ አለ፣ ግራና ቀኝ ዓለት ውስጥ የተፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያኖች አሉ። ጉብኝቱ የሚያስኬዳችሁ ጥቂቱን ብቻ ነው፣ ለመራመድ ለሚወድ ሰው ደግሞ ያ ያንሳል።

ምድር ውስጥ ግን አስጎብኚ ያዙ። ያለ እሱ ባዶ ክፍል አይታችሁ ነው የምትወጡት። ይሄ ምንድነው፣ ያ ቀዳዳ ለምንድነው የሚለው ነው ዋናው ነገር። መጀመሪያ የምትገቡበት ሰፊ ክፍል ከብቶች የሚታሰሩበት ነው፤ በሬ እንደ ሰው ጎንበስ ብሎ ወደ ታች አይወርድማ። ከዚያ እህል ማከማቻ፣ ወይን መጭመቂያ፣ ግድግዳው ጥላሸት የጠጣ የጋራ ማድ ቤት፣ ከታች ደግሞ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ደሪንኩዩ ማለት ጥልቅ ጉድጓድ ማለት ነው። 85 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ የሚቀዱበት ጉድጓድና አየር የሚገባበት ቀዳዳ አብረው ነው የተሠሩት። በተጨናነቀ ጊዜ እስከ 20,000 ሰው ከነከብቱ ይይዝ ነበር ተብሎ ይገመታል።

እኔን ያስደነቀኝ በሩ ነው። እንደ ወፍጮ ድንጋይ ክብ ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል። ከጎኑ በተፈለፈለ ቦታ ተደብቆ ይቆምና ጠላት ሲመጣ ከውስጥ ተንከባሎ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ከውጭ የሚያዝበት ነገር የለውም። አንዳንዱ መሀሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ በዚያ አጮልቆ ማየት፣ በዚያው ጦር ሰድዶ መውጋት ይቻላል። መተላለፊያው ጠባብ የሆነውም ሆን ተብሎ ነው። መቶ ወታደር ቢመጣ አንድ በአንድ ነው የሚገባው።

ይኖሩ ነበር ወይ ላልከው፣ ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ቤታቸው ከላይ ነበር። ጦር መጣ ሲባል ነው የሚወርዱት፣ በተለይ አረቦችና ቢዛንታይኖች ለመቶዎች ዓመታት በተዋጉበት ዘመን። ከዚያ በኋላም አካባቢው ላይ የነበሩ ግሪክ ክርስቲያኖች መደበቂያ አድርገውታል። በ1923 ግሪክና ቱርክ ሕዝብ ሲለዋወጡ እነሱ ተነስተው ሄዱ፤ ደሪንኩዩም ተረሳ። በ1963 አንድ ሰውዬ ቤቱን ሲያድስ ግድግዳ ሲያፈርስ ከኋላው ክፍል አገኘ። ክፍሉ ወደ ሌላ ክፍል፣ ያ ደግሞ ወደ መተላለፊያ ወሰደው። ዘመኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ፍርሃትህ ልመለስ፤ እሱን አቅልለህ አትየው። ከመግባትህ በፊት፣ ገና መኪና ውስጥ ሳለህ፣ ለአስጎብኚው ንገረው። የለመዱት ነገር ነው፣ ማንም አያፍርብህም። ከሰልፉ መሀል አትግባ፤ መጨረሻ ላይ ሁን፣ ከኋላህ ሰው ከሌለ መመለስ ትችላለህ። የመጀመሪያው ፎቅ ሰፋ ያለ ነው፤ እዚያ ቆመህ አምስት ደቂቃ ተንፍስ። ልብህ እሺ ካላለ ከብቶቹ ያሉበትን አይተህ ውጣ። በሩንም አየሩ የሚገባበትንም ቀዳዳ ብዙ ሳትወርድ ልታያቸው ትችላለህ። ካይማክሊ ጥልቀቱ ያንሳል፣ ለጎብኚ ክፍት የሆነው አራት ፎቅ ነው፤ ግን መተላለፊያው ከደሪንኩዩም ዝቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ ጥልቀቱ ስላነሰ ብቻ ይቀለኛል ብለህ አትምረጠው። ሹራብ ያዙ፣ ውጭው ቢሞቅም ውስጡ ይቀዘቅዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እኔን የወሰደኝ ድርጅት ሴሊሜ ላይ 20 ደቂቃ ብቻ ሰጥቶን ጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት አስቀመጠን። በጣም ነው የተናደድኩት። ገንዘቤንና ቀኔን ሰጥቼ የመጣሁት ለገዳሙ ነበር። እናንተ ስትመዘገቡ ስንት ሱቅ ላይ ትቆማላችሁ፣ ለስንት ደቂቃ ብላችሁ ጠይቁ። ሱቅ የሌለበት ጉብኝት አለ፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ያዋጣችኋል።

*ጥያቄ፦ እንደምን አለሽ እህት ዓለም። ቡራዩ ነው የምንኖረው። ልጆቼ 9 እና 12 ዓመታቸው ነው፤ ያንቺን ጽሑፍ አንብበው እኛም ዋሻ እንይ ብለው አስጨነቁኝ። ቱርክ የማይታሰብ ነው። በቅርብ ምን አለ?*

ወንድሜ፣ ከላይ ለዓለም ገናዋ የነገርኳት የቡታጅራ መንገድ ለአንድ ቀን ይበቃችኋል። ማለዳ ውጡ። መጀመሪያ መልካ ቁንጥሬ ቁሙ፤ በአዋሽ ወንዝ ዳር ከጥንት ጀምሮ የነበሩ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የሠሩበት ቦታ ነው። በ2024 በፈረንጆቹ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ለ12 ዓመቱ ልጅህ ባልጩቱን አሳየው፣ እንደ መስታወት የሚቆርጥ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀጥሎ አዳዲ ማርያም። ጉልበት ካላችሁ ጥያ ድረስ ዝለቁ፤ እዚያ 36 የቆሙ ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፣ ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ አለ። ልጆቹ ጎራዴ እንዲቆጥሩ አድርጋቸው፣ ሳይሰለቹ ይውላሉ። ከመነሳትህ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚመላለሱ ሾፌሮች አጣራ። ሦስቱም ቦታ የአካባቢ አስጎብኚ ጠይቅና ክፈለው።

መኪና ካጣህ ደግሞ በየካ በኩል ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከየካ ተራራ ጫካ ውስጥ ነው። ለልጆች እኔ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። ጣሪያው ፈርሷል፤ ስለዚህ ከላይ ሆናችሁ ዓለቱ ወደ ታች እንዴት እንደተቆረጠ፣ ግድግዳና ዓምድ የሚሆነው እንዴት እንደተተወ በዓይናችሁ ታያላችሁ። አዳዲም ጎረሜም ውስጥ ስትገባ ጨለማ ስለሆነ ይሄን ማሳየት አይቻልም። የተዘጋ ጫማ አልብሳቸው፤ መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ዝናብ ከዘነበ ያንሸራትታል።