የአባትህ ጥንድ አፈሙዝ የቱን ጥይት ይጉረስ?

ከቡሬ ወዲያ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ የሚያርስ አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አባቴ ትቶልኝ ያለፈ ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትገን አለኝ። ፈቃድ አለው። አፉ ከድሮው ጠመንጃ ከውጅግራም ይሰፋል። ከአፈሙዙ ግርጌ 12 እና 65 የሚል ተቀርጾበታል። ከርከሮ በቆሎዬን ጨረሰብኝ። ዘመዴ ሁለት ዓይነት ጥይት አመጣልኝ። ቀዩ 12 እና 76 ይላል፤ ቢጫው 20 ይላል። ቀዩ ልክክ ብሎ ገባልኝ። ልተኩሰው?»

አትተኩሰው ወንድሜ። ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳህ።

12 የአፉ ስፋት ነው። አቆጣጠሩ የድሮ ነው። በአፈሙዙ ልክ የተድቦለቦሉ 12 የእርሳስ ኳሶች አንድ ላይ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ያህል ይመዝናሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፉ ይሰፋል። ያንተው 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ነው። የአፉ ትልቅነት ግን አያታልልህ፤ የሾትገን ብረት ስስ ነው።

ጉዳዩ ያለው 65 ላይ ነው። ይህ ጥይቱ የሚያርፍበት ቤት ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ጥይቱ ላይ የተጻፈው 76 ደግሞ ቀለሁ ተተኩሶ አፉ ከተዘረጋ በኋላ ያለው ርዝመት ነው። ሳይተኮስ አፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ስለሚዘጋ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ልክክ ብሎ የገባልህ ለዚህ ነው። ስትተኩሰው ግን የታጠፈው አፍ የሚዘረጋበት ቦታ የለውም። ከቤቱ ቀጥሎ ባለው ጠባብ አንገት ውስጥ ይገባና መውጫውን ያጠብበዋል። የባሩዱ ግፊት ያሻቅባል። ባለ 76ቱ ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ ባሩድና ብዙ እርሳስ የተሸከመ ነው። ያረጀ ብረት ይህን አይችልም።

ቢጫው ይብሳል። የ20 ጥይት ቢጫ የሚደረገው ከ12 ጋር እንዳይምታታ ተብሎ ነው። 12 ቤት ውስጥ ብታስገባው ሾልኮ ወደ ፊት ይሄድና አንገቱ ላይ ይቀረቀራል። ጠመንጃውን ስትከፍት ቤቱ ባዶ ይመስልሃል። ከኋላው 12 ታጎርሳለህ። ከዚያ በኋላ የሚፈነዳው የግራ እጅህ የያዘው ቦታ ነው። እንዲህ የሆነ አፈሙዝ አንድ ሰው አምጥቶልኝ አይቻለሁ። ብረቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገልብጧል። ሰውየው ሁለት ጣቱን አጥቷል። ቢጫውን ዛሬውኑ ከቤትህ አስወጣ፤ ከ12 ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አይደር።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይተህ አፈሙዙን ከእንጨቱ ለየው። በክር አንጠልጥለህ በመጻፊያ እርሳስ ቀስ ብለህ ምታው። እንደ ቃጭል ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ከተንዘረዘረ ሁለቱን አፈሙዞች የሚያያይዘው ብየዳ ለቅቋል። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አዙረህ በውስጡ እይ። ክብ ጥላ ካየህ አፈሙዙ አንድ ቦታ አብጧል ማለት ነው፤ በዚያ አይተኮስም። ከውጭ ደግሞ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መስመር ከታየህ ተራ ብረትና አረብ ብረት (ስቲል) አብሮ ተጠምዝዞ የተሠራ የጥንት አፈሙዝ ነው። ያንን ግድግዳ ላይ ስቀለው፤ የዛሬ ባሩድ አታጉርሰው።

ይህን ሁሉ ካለፈ ባለ 65 የ12 ጥይት ፈልግ። እስከ ዛሬ ይመረታል። ለቆቅና ለጅግራ 28 ግራም እርሳስ የያዘ፣ ፍሬው፣ ማለትም በቀለሁ ውስጥ የታጨቀው እያንዳንዱ ድቡልቡል እርሳስ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ይበቃሃል። ከ35 ሜትር በላይ አትሞክር። የብረት ፍሬ የያዘ አትግዛ፤ ከእርሳስ ስለሚጠነክር ያረጀ አፈሙዝ ይጎዳል፣ በተለይ ጫፉ የጠበበውን።

በዚህ ደቃቅ ፍሬ ከርከሮ አይመታም። ቆስሎ ገደል ይገባና ሦስት ቀን ተሠቃይቶ ይሞታል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ለእሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ትልቅ ፍሬ ነው፣ ያውም ከ25 ሜትር ወዲህ። ባለ አንድ ፍሬም አለ። ሆኖም ሁለቱ አፈሙዞች ባለ አንድ ፍሬውን አንድ ቦታ ላይጥሉት ይችላሉ። አስቀድመህ ካርቶን ላይ፣ ከኋላው የአፈር ክምር ባለበት፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ሞክር። ባለ አንድ ፍሬው ድቡልቡል ኳስ ከሆነ ግን ጫፉ በጠበበ አፈሙዝ አትልቀቀው። በብዙ ጥንድ አፈሙዞች ይበልጥ የሚጠበው የግራው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የጠመንጃው ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። ከርከሮ ሰብል ቢያጠፋም የዱር እንስሳ ነው። ከመተኮስህ በፊት ወረዳ ሄደህ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቅ።

ደብረ ማርቆስ ስትመጣ ብረቱን ፈትተህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ከፈቃዱ ጋር ይዘህልኝ ና። የቤቱን ርዝመት በመለኪያ አይልሃለሁ፤ 65 የሚለው ጽሑፍ ከተቀረጸ በኋላ አንድ ሰው ሞርዶት ሊሆን ይችላል። ቀዩን ጥይት እስከዚያ ለዘመድህ መልስለት።