በቺፑና በኮኔክተሩ መካከል ስላለችው ስፍራ

በባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤሌክትሮኒክስ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ከመካከላችሁ በመኪና ኢተርኔት (በመኪናው ውስጥ ባሉ ኮምፒውተሮች መካከል መረጃ በሚያመላልሰው የሽቦ መረብ) ላይ ለመሥራት የምትፈልጉ አላችሁና፣ ትራንሲቨሩ፣ ማለትም በሽቦው ላይ መረጃ የሚልከውና የሚቀበለው ቺፕ፣ ከተመረጠ በኋላ ስለሚቀረው ሥራ እጽፍላችኋለሁ። የቺፑን ውስጥ አምራቹ ጨርሶታል፤ የእናንተ ድርሻ ከቺፑ እግሮች እስከ ኮኔክተሩ ያለችው ጥቂት ሴንቲሜትር ናት፤ በእኔ ግምት የንድፉ ጥራት የሚለየውም እዚያው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀው በሰከንድ የ100 ሜጋቢት የመኪና ኢተርኔት ደረጃ፣ አንድ ጥንድ የተጠማዘዘ ሽቦ ብቻ ይዞ በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ መረጃ ያስተላልፋል። ሁለቱ ሽቦዎች እኩልና ተቃራኒ ቮልቴጅ ስለሚሸከሙ፣ ወደ ውጭ የሚረጩት ሞገድ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ጥንዱ እንደ ተጠመዱ በሬዎች ነው፤ አንደኛው ከቀደመ ቀንበሩ ይጣመማል። አንዱ የቦርድ መስመር ከሌላው ከረዘመ፣ ወይም በአንዱ ጎን ብቻ የቦርዱን ንብርብሮች በሚያገናኝ ተጨማሪ ቀዳዳ ካለፈ፣ ልዩነቱ የጋራ ሞገድ (በሁለቱም ሽቦዎች ላይ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ) ሆኖ ሽቦውን አንቴና ያደርገዋል፤ የመኪናውንም ሬዲዮ ይረብሻል።

ስለዚህ በመስመሩ ላይ የምታስቀምጧቸው ነገሮች ሁሉ መንታ ይሁኑ። ቀጥተኛ ቮልቴጅን የሚያግዱት ሁለቱ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተሮች ከአንድ ዓይነትና ከአንድ የስሕተት ወሰን ይመረጡ፤ የጋራው ሞገድ የሚያርፍባቸው ሁለቱ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችም እንዲሁ። ኮመን ሞድ ቾኩን፣ ማለትም የጋራውን ሞገድ የሚያግደውን ጥምጥም፣ ሌላው ዋጋው ስለረከሰ ብቻ አትለውጡት፤ በውስጡ ያሉት ሁለት ጥምጥሞች ካልተመጣጠኑ፣ እንዲከላከል የተገዛው ዕቃ ራሱ ችግሩን ይፈጥራል። የስታቲክ መከላከያው በኮኔክተሩ አጠገብ ይቀመጥ።

የአምራቹን ናሙና ንድፍ መገልበጥ ነውር የለውም። እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እንደገባ ሳይረዱ መቀነስ ግን አደገኛ ነው።

ቺፑ ሲነሣ ስለሚያነባቸው የማዋቀሪያ እግሮችም አስቡ። ከሁለቱ ጫፎች አንዱ ማስተር (የጊዜውን ምት የሚመራ) ካልሆነ፣ ማለትም ሁለቱም ተከታይ ሆነው ከተነሡ፣ ሰርኪዩቱ የቱንም ያህል ቢያምር ግንኙነት አይፈጠርም።

የጣና ዳር አየር ለሰው ለስላሳ ነው፤ ለመኪና የሚሠራ ቺፕ ግን፣ እንደ ደረጃው፣ ከዜሮ በታች ከ40 ዲግሪ እስከ 105 ወይም 125 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠበቅበታል። ጠረጴዛ ላይ ሠራ ብላችሁ አትርኩ፤ ለቺፑ የጊዜ ምት የሚሰጠው የ25 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ስሕተቱ በሙሉ የሙቀት ወሰኑ ውስጥ ከ100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) እንዳያልፍ ከዳታሺቱ አረጋግጡ። ቦርዱን ለፋብሪካ ስትልኩም ኢምፒዳንሱ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) 100 ኦም መሆን ያለበትን የመስመር ጥንድ በስም ጥቀሱ፤ የመስመሩ ስፋትና ክፍተት ከንብርብሩ ውፍረት ጋር አብሮ የሚሰላ ስለሆነ፣ ፋብሪካው ውፍረቱን ከለወጠ ስሌታችሁን እንደገና ሥሩ።