ጣቢያ ሲመጣ የሚወደደው መሬት፦ በባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ ስለሚካሄድ ልማት ጥያቄና መልስ

መንግሥትና የግል አልሚዎች በባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ በጋራ ስለሚሠሩት ሥራ በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ በሙያዬ ከማውቀው እመልሳለሁ። አብዛኞቹን ምሳሌዎች የወሰድኩት ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢዋ ነው፤ ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት እዚያው በመሆኑ ሄዳችሁ ልትመለከቷቸው ትችላላችሁ። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መንግሥት ሐዲዱን ራሱ መዘርጋት ከቻለ የግል ባለሀብት ለምን ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ጣቢያ ሲከፈት፣ ብዙ ጊዜም ገና ሊሠራ ነው ሲባል፣ በዙሪያው ያለው መሬት ይወደዳል። ዋጋውን ያስወደደው የሕዝብ ገንዘብ ሆኖ ሳለ፣ አስቀድሞ ስምምነት ካልተደረገ ጥቅሙ በአጋጣሚ ቦታውን ይዞ ለተገኘው ሰው ይቀራል። በሌላ በኩል መንግሥት ሱቅ ለማከራየትም ሆነ አፓርታማ ለመሸጥ ሙያውም ፍላጎቱም እምብዛም የለውም። አጋርነቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ዋናው ድርድርም ከጭማሪው ምን ያህሉ ለሐዲዱ ወጪ ይመለስ የሚለው ነው። ይህ ድርድር መካሄድ ያለበት ቁፋሮ ሳይጀመር ነው፤ ጣቢያው ከቆመ በኋላ ባለይዞታው የሚከፍልበት ምክንያት አይኖረውም።

ጥያቄ፦ ባለይዞታዎች ፈቅደው የከፈሉበት ቦታ አለ?

መልስ፦ አለ። በዋሽንግተን ዲሲ ዩኒየን ስቴሽን ከተባለው ዋና የባቡር ጣቢያ በስተሰሜን የሚገኘው ኖማ የተባለው ሰፈር በ1990ዎቹ በአብዛኛው የመኪና ማቆሚያ፣ መጋዘንና ባዶ ቦታ ነበር። ሜትሮ የሚባለው የከተማው ባቡር ቀይ መስመር በላዩ ቢያልፍም በዩኒየን ስቴሽንና በሮድ አይላንድ አቬኑ መካከል ማቆሚያ ስላልነበረው ሳይቆም ይሄድ ነበር። የአካባቢው ባለይዞታዎች ተሰባስበው፣ በመካከል አንድ ጣቢያ ቢጨመር ከወጪው 25 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሸፍኑ ተስማሙ። ገንዘቡን ያዋጡት ከኪሳቸው በአንድ ጊዜ አውጥተው አይደለም፤ ከተማው ቦንድ ሸጠ፣ ዕዳውም በጣቢያው አቅራቢያ በሚገኙ የንግድ ይዞታዎች ላይ በተጣለ ልዩ ግብር በ30 ዓመት እንዲከፈል ተደረገ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈጀው ግንባታ የቀረውን የከተማው አስተዳደርና የፌዴራል መንግሥቱ ሸፈኑ። ጣቢያው በኅዳር 2004 ተከፈተ።

እኔ ከሁሉ በላይ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣውን ነገር ነው። የፌዴራል መንግሥቱ የአንድ መሥሪያ ቤቱን ዋና ጽሕፈት ቤት ከጣቢያው አጠገብ ለመገንባት ወስኖ ስለነበር፣ አልሚዎቹ አካባቢው ባዶውን እንደማይቀር አስቀድመው አወቁ። መንግሥት የሚያዋጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ መጥቶ ጎረቤት መሆኑም መዋጮ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ቀላል ባቡሩ ከተከፈተ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ በብዙ ጣቢያዎች ዙሪያ የተለየ ነገር አይታይም። ለምን?

መልስ፦ አንዱ ምክንያት ሐዲዱ የተዘረጋበት ቦታ ነው። በቨርጂኒያ የአርሊንግተን ካውንቲ ባለሙያዎች በ1960ዎቹ ተመሳሳይ ምርጫ ገጥሟቸው ነበር። ሜትሮውን በኢንተርስቴት 66 አውራ ጎዳና መሐል ማሳለፍ ይረክስ ነበር፤ እነሱ ግን ወጪው ቢበዛም በዊልሰን ቡሌቫርድ አቅጣጫ ከመሬት በታች እንዲሄድ ተከራከሩ፣ ተሳካላቸውም። ከሮዝሊን እስከ ቦልስተን ባሉት አምስት ጣቢያዎች፣ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በጣቢያው አጠገብ ሆነው እየራቁ ሲሄዱ ከፍታቸው እንዲቀንስ፣ ነባሮቹ የመኖሪያ ሰፈሮችም እንዳይነኩ ተወሰነ። ተጨማሪ ፎቅ የሚፈልግ አልሚ ከካውንቲው ጋር እየተደራደረ፣ በምላሹ ለሕዝብ የሚውል ነገር እንዲሰጥ ይደረጋል።

የአዲስ አበባው መስመር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኛው የተዘረጋው በሰፋፊ መንገዶች መሐል ነው። በሲኤምሲ መስመር ከባቡር የሚወርድ ሰው በግራም በቀኝም የሚያገኘው መኪና የሚበርበትን አስፋልት ነው። ሱቁም ካፌውም ያለው ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ፣ መሻገሪያው ካልተመቸ የጣቢያው ጥቅም እዚያ ድረስ አይዘልቅም። ሐዲዱን አሁን ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ነገር ግን ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ሕንፃ የሚያስገባ የእግረኛ ድልድይ አልሚው በራሱ ወጪ እንዲሠራ መደራደር ይቻላል፤ እኔ ብጠየቅ የምጀምረው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይህ ነገሩን አያቀለውም?

መልስ፦ ሊያቀለው ይገባ ነበር። ሆንግ ኮንግም መሬት የሚተላለፈው በሊዝ ነው። መንግሥት በጣቢያው ላይና አጠገብ ያለውን ቦታ የማልማት መብት የከተማዋን ባቡር ለሚያንቀሳቅሰው ለኤምቲአር ኩባንያ ይሰጣል፤ የሊዝ ዋጋው የሚሰላው ባቡሩ እንደሌለ ተቆጥሮ ነው። ኩባንያው አልሚዎችን በጨረታ ያወዳድራል፤ የሊዙንም የግንባታውንም ወጪ አልሚው ይሸፍናል፣ ኩባንያው ደግሞ ከትርፉ ወይም ከሕንፃው ድርሻ ይወስዳል። በ2000 ከኩባንያው አክሲዮን ከፊሉ ለገበያ ቢቀርብም፣ ሦስት አራተኛ ገደማው ዛሬም የመንግሥት ነው።

እኛ ጋ የጎደለው ባቡሩንና መሬቱን በአንድ እጅ መያዝ ነው። መስመሩን ያስገነባው የፌዴራል ተቋም የነበረው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነበር፤ ከ475 ሚሊዮን ዶላሩ የግንባታ ወጪ አብዛኛው የተገኘው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር ነው። የሊዝ ገቢ የሚሰበስበው ግን የከተማው አስተዳደር ነው። ስለዚህ ጣቢያው ያስወደደው መሬት በሊዝ ሲተላለፍ ገንዘቡ ወደ ባቡሩ የሚመለስበት ቀጥተኛ መንገድ አልነበረም።

ጥያቄ፦ በጣቢያው ዙሪያ መኪና ማቆሚያ ይሠራ?

መልስ፦ በመስመሩ ጫፍ ላይ፣ አዎ። መሐል ከተማ ላይ ግን ውዱን መሬት ለቆመ መኪና መስጠት ነው።

ጥያቄ፦ ነባሩ ድሃ ነዋሪ ወደ ዳር እየተገፋ ሀብታም ሊገባበት ከሆነ፣ ይህ ልማት ለማን ነው?

መልስ፦ ጥያቄው እኔንም ያሳስበኛል። ባቡር አዘውትሮ የሚሳፈረው መኪና የሌለው ሰው ነው፤ እሱን ከጣቢያው ማራቅ ባቡሩንም ተሳፋሪ ማሳጣት ነው። በጎ ፈቃድ እዚህ ላይ አይሠራም፤ በሕግ መወሰን አለበት። ዋሽንግተን ዲሲ በ2014 ባወጣችው ሕግ፣ የከተማው የሆነ መሬት ለአፓርታማ ግንባታ ሲተላለፍ፣ ቦታው ከሜትሮ ጣቢያ በግማሽ ማይል ውስጥ ከሆነ ቢያንስ 30 በመቶው፣ ከዚያ ከራቀ 20 በመቶው ቤት አቅሙ ዝቅ ላለ ነዋሪ መዋል አለበት። ወደ ጣቢያው ሲቀርቡ ድርሻው ከፍ እንጂ ዝቅ እንደማይል ልብ በሉ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ውል ሲፈረም፣ አንድ ተራ ነዋሪ ምን ብሎ ይጠይቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ውሉ ለሕዝብ ይታያል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ቀጥሎ አልሚው ቦታውን አጥሮ ቢያስቀምጠው በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚነጠቅ፣ የተስፋ ቃል የተገባባቸው ርካሽ ቤቶች ከውዶቹ ጋር እኩል ይሠሩ ወይስ ለመጨረሻው ምዕራፍ ተትተው እንደሆነ ይጠይቅ፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ቀድሞ የሚቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ነውና። በሕንፃው ውስጥ ወደ ጣቢያው የሚያሳልፈው መተላለፊያስ እስከ መጨረሻው ባቡር ክፍት መሆኑ፣ ሊፍቱ ሲበላሽም የሚያስጠግነው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ሰፍሯል ወይ?