አዲሱ ጠንካራ የስኖውቦርድ ቦቴ ጣቶቼን ያደነዝዛቸዋል፤ ቁጥር ልጨምር?

ሐኪምዎን ይጠይቁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 34 ነው። እስካሁን ስኖውቦርድ የምጫወተው በለስላሳ ቦት ነበር። ካርቪንግ የሚሉት፣ ሰሌዳውን በጠርዙ አስተኝቶ በረዶውን እየቀደዱ መውረድ ልቤን ስለወሰደው ባለዘለበት ጠንካራ የፕላስቲክ ቦት ገዛሁ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ካሰርኩት 20 ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ተረከዜ ደግሞ ከውስጥ ይነሳል፤ እሱን ለማስቀረት ዘለበቱን እስከ መጨረሻው እስባለሁ። የዘወትር ጫማዬ 43 ነው። ሻጩ ይህን ሰምቶ 28 የሚል አወጣልኝ፤ እግሬን አልለካኝም። ጓደኞቼ ግማሾቹ «አንድ ቁጥር ጨምር»፣ ግማሾቹ «ሁለት ካልሲ ደርብ» ይሉኛል። የአንዱ እግሬ አውራ ጣት ጥፍርም ጠቁሯል። ምን ይሻለኛል? ስሜ አይጠቀስ።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ቁጥር ለመጨመር አይቸኩሉ። ደብዳቤዎን ሳነበው የጠረጠርኩት ተቃራኒውን ነው። ቦቱ ሰፍቶዎት ሊሆን ይችላል።

«ሰፊ ጫማ እንዴት እግር ያደነዝዛል?» ማለትዎ አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው። ቦቱ ሲሰፋ ተረከዝ ቦታውን አይይዝም። ተረከዝ ሲነሳ ሰው እንደ እርስዎ ዘለበቱን ይስባል። ከሁሉም በላይ የሚሳበው በእግር ጀርባ ላይ የሚያርፈው ዘለበት ነው። እዚያ ቦታ ደግሞ ሥጋ የለም ማለት ይቻላል። ቆዳ አለ፣ ከሥሩ ጅማት፣ ነርቭና የደም ቧንቧ፣ ከዚያ ቀጥሎ አጥንት። ካልሲዎን አውልቀው ይሞክሩት። በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መሃል ተነስተው በእግርዎ ጀርባ ላይ ወደ ቁርጭምጭሚት አቅጣጫ በቀስታ ቢዳብሱ የሚመታ የደም ቧንቧ ያገኛሉ። (በአንዳንድ ጤነኛ ሰው ላይ አይዳሰስም፤ ቢያጡት አይደንግጡ።) ከእሱ ጎን ለጎን የሚሄደው ነርቭ በእነዚያ ሁለት ጣቶች መሃል ላለው ቆዳ ስሜት የሚሰጠው ነው። ዘለበቱ ሲጫነው መጀመሪያ የሚደነዝዘው ያ ቦታ ነው።

ለስላሳ ቦት እግርን እየተከተለ ይለጠጣል። ፕላስቲክ ግን ንቅንቅ አይልም፤ በብርድ ደግሞ ይብሳል፣ ይጠጥራል። ስለዚህ በለስላሳው ቦት ያልታወቀዎት የልክ ስህተት በዚህኛው ወዲያው ይጋለጣል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲደነዝዝዎት የትኛው ጣት እንደሆነ ልብ ይበሉ። ይህን ብቻ መናገር ለሐኪምም ለቦት ባለሙያም ግማሽ ሥራ ነው። በአውራና በሁለተኛው ጣት መሃል ከሆነ ከላይ ያልኩት የዘለበት ጫና ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መሃል የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከሆነ የእግርዎ የፊት ክፍል ከጎንና ከጎን ተጨምቋል ማለት ነው። ይህ ሲደጋገም በጣቶቹ መሃል ያለው ነርቭ ዙሪያው ይወፍርና ሞርተን ኒውሮማ የሚባለውን ሕመም ያመጣል። ሁሉም ጣቶች አንድ ላይ ነጭተው ከቀዘቀዙ ችግሩ የደም ዝውውር ነው። ውስጥ እግርዎን የሚቆረጥምዎ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ እግሩ ከሥሩ ድጋፍ አጥቶ ጣቶችዎ ሶሉን ሙጭጭ ብለው ስለሚይዙ ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። በቦቱ ላይ ያለው 28 የፋብሪካ ምስጢር አይደለም። የእግር ርዝመት በሴንቲሜትር ነው፤ ሞንዶ ይሉታል። 28 ማለት 28 ሴንቲሜትር ለሚሆን እግር ማለት ነው። የዘወትር ጫማ ቁጥር ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ብዙዎቻችንም ለምቾት ስንል ሰፋ ያለ ነው የምናደርገው። ስለዚህ «43 ነኝ» ብሎ ቦት መግዛት በግምት መግዛት ነው። ማታ ላይ፣ እግርዎ የቀኑን እብጠት ከያዘ በኋላ ይለኩ። ወረቀት መሬት ላይ አድርገው ተረከዝዎን ከግድግዳ ያስጠጉ፤ ሙሉ ክብደትዎን ጥለው ይቁሙና ረጅሙ ጣት የደረሰበትን ምልክት ያድርጉ። ረጅሙ ጣት አውራ ጣት ላይሆን ይችላል። ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ የሚበላለጡ ከሆነ ትልቁን ይያዙ። ወገብዎን አጎንብሰው ራስዎ ምልክት ሲያደርጉ ክብደትዎ ስለሚዛባ ሌላ ሰው ቢያደርግልዎ ይሻላል።

ከዚህ የሚበልጠው ፈተና ግን ይኸኛው ነው። የውስጡን ገበር አውጥተው ባዶ ፕላስቲኩን ብቻ ያስቀሩ። ስስ ካልሲ አድርገው እግርዎን ይክተቱና ጣቶችዎ የፊቱን ግድግዳ ነካ እስኪያደርጉ ወደ ፊት ይግፉት። ከዚያ ጉልበትዎን ትንሽ ሸብረክ አድርገው ከተረከዝዎ ጀርባ ምን ያህል ክፍተት እንዳለ ይዩ። ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ከሆነ ደህና ነው። ለውድድር የሚጫወቱ ከዚያም ያነሰ ይመርጣሉ፤ እርስዎ እነሱን አይከተሉ። ሁለት ጣት ተደራርቦ ገብቶ ገና ቦታ የሚተርፍ ከሆነ ቦቱ ሰፍቶዎታል፤ የዘለበት ብዛት አያድነውም። በተመሳሳይ ጊዜ ጎኖቹን ይዩ። ገበሩ ሳይኖር ገና የእግርዎ አጥንት ከፕላስቲኩ ጋር የሚጋፋ ከሆነ፣ በተለይ በአውራ ጣት ሥርና በቁርጭምጭሚት አጥንት በኩል፣ ርዝመቱ ልክ ሆኖ ወርዱ ጠቧል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ወርድ ፍለጋ ርዝመት መጨመሩ ላይ ነው። ወርዱ ሰፋ ያለ ሌላ ሞዴል አለ። ባለሙያም ፕላስቲኩን አሙቆ የሚጋፋበትን ቦታ ብቻ ወደ ውጭ ሊገፋው ይችላል። ሰፊውን ማጥበብ ግን ከባድ ነው፤ ቦት ከመቀየርዎ በፊት ይህን ያስታውሱ።

የግማሽ ቁጥር ነገርም አለ። በብዙ ቦቶች 27 እና 27.5 የውጭ ፕላስቲካቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ገበሩ ወይም ሶሉ ላይ ነው። ግማሽ ቁጥር ጨመርኩ ብለው ያንኑ ቦት ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ።

ገበሩን መልሰው ሲያደርጉት ቦቱ የሚጠብቅ ሊመስልዎት ነው። መጥበቅም አለበት። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣቶችዎ ፊቱን ቢነኩ ችግር የለውም። ሰሌዳ ላይ እንዳሉ ጉልበትዎን ሲያጥፉ ተረከዝዎ ወደ ኋላ ይገባና ጣቶቹ ይፈታሉ። ያኔም ተጣጥፈው ከቀሩ ነው ቦቱ የሚያጥረው። ሱቅ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ «አጠረኝ» የሚል ሰው ከሚገባው በላይ ትልቅ ቦት ይዞ ይወጣል።

ሁለት ካልሲ? አይደርቡ። በሁለቱ ካልሲዎች መሃል መንሸራተት ይፈጠራል፤ ከመንሸራተት ውሃ የቋጠረ ቆዳ ይመጣል። ተጨማሪው ውፍረትም እግሩን ይጨምቅና የደም ዝውውርን ስለሚቀንስ እግር በሁለት ካልሲ የባሰ ሊቀዘቅዝ ይችላል። አንድ፣ ስስ፣ እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ፣ ከሱፍ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ይበቃል። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቀር አይሆንም። የውስጥ ሱሪዎን ጫፍ ደግሞ ቦቱ ውስጥ አይክተቱ። ያች ትንሽ የጨርቅ እጥፋት ከፕላስቲክና ከቅልጥም አጥንት መሃል ስትገባ ምን እንደምታደርግ የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

አስተሳሰሩም ይለወጥ። ቦቱን ከለበሱ በኋላ ተረከዝዎን መሬት ላይ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርገው ወደ ኋላ ያስገቡት። መጀመሪያ በቁርጭምጭሚት መታጠፊያ በኩል ያለውን ዘለበት ይዝጉ፤ ተረከዙን የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ ጉልበትዎን ወደ ፊት እየገፉ የላይኞቹን። በእግር ጀርባና በጣቶች በኩል ያሉትን ላላ አድርገው ከመዘጋት በቀር አይሳቡ። ጥቂት ከወረዱ በኋላ ገበሩ ስለሚለዝብ እንደገና ያስተካክሉ። ወረፋ ሲጠብቁና ሰውን ወደ ቁልቁለቱ አናት በሚያወጣው ማንሻ ሲወጡ ደግሞ ዘለበቱን ላላ አድርጉት፤ ደም ይዘዋወር።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ልኩም ልክ ሆኖ ተረከዝዎ አሁንም የሚነሳ ከሆነ ቁርጭምጭሚትዎን እንጠርጥር። ግድግዳ ፊት ይቁሙ። የአንድ እግርዎን ጣት ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል አርቀው፣ ተረከዝ ከመሬት ሳይነሳ ጉልበትዎን ግድግዳው ላይ ለማስነካት ይሞክሩ። ካልቻሉ፣ ጠጋ ብለውም ተረከዝዎ የሚነሳ ከሆነ፣ የባትዎ ጅማት አጭር ነው ወይም መገጣጠሚያው ደርቋል። ጠንካራ ቦት ወደ ፊት ያዘነበለ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቁርጭምጭሚት ወደ ፊት መታጠፉ ሲያልቅበት ተረከዙን ያነሳል። መፍትሔው ከተረከዝ ሥር የሚገባ ትንሽ ማንሻ፣ የቦቱን ማዘንበል መቀነስና ባትን በየቀኑ ማሳሳብ ነው። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ሰው ዘለበት ሳብ ከማለት ፊዚዮቴራፒስት ጋ መላክ እመርጣለሁ።

ገበሩ በሙቀት የሚቀረጽ ዓይነት ከሆነ ልኩን ካረጋገጡ በኋላ ባለሙያ ያስቀርጹት። የቤት ምድጃ ውስጥ አይክተቱት። ከዚያም ቢሆን ገበር በአጠቃቀም እየሳሳ ስለሚሄድ ዛሬ በጣም የተመቸዎት ቦት ከጊዜ በኋላ ይሰፋል። ወደ በረዶው ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል እያደረጉ ይለማመዱት። ሲያወልቁ ቆዳዎን ይዩ። ደብዘዝ ያለ ቅላት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ምንም አይደለም። ከዚያ ካለፈ ያንን ቦታ በእስክሪብቶ አክብበው ለባለሙያው ያሳዩ።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለብዎት መቼ ነው? ቦቱን አውልቀው፣ እግርዎ ከሞቀ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ድንዛዜው ካለቀቀ፣ ወይም በየጊዜው ሳይለቅ ውሎ የሚያድር ከሆነ ይታዩ። ጣት ነጭቶ ወይም ግራጫ ሆኖ እንደ ሰም ከጠጠረ ብርድ በልቶታል፤ አይሹት፣ በበረዶም አይጥረጉት፣ ፈጥነው ይታከሙ። ቦቱ ከወለቀ በኋላ ሕመሙ እየባሰ፣ ባትዎ እየተወጠረ፣ ጣትዎን ማንቀሳቀስ እጅግ የሚያምዎ ከሆነ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ስኳር ያለበት ሰው፣ ወይም ጣቶቹ በብርድ የሚነጩ የሬይኖድ ችግር ያለበት፣ ቦት ከመግዛቱ በፊት ቢያማክር ይመረጣል። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚቀንስ የጠበበ ቦት እያቆሰለው ላይታወቀው ይችላል።

የጠቆረው ጥፍርዎ ከሥሩ የፈሰሰ ደም ነው ብዬ እገምታለሁ። እግር ሰፊ ቦት ውስጥ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ሲጋጭ የሚመጣ ነው፤ ይህም ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል። ካላመመዎ አይንኩት፣ አይንቀሉትም። አዲስ ሆኖ የሚወጋና የሚጠዘጥዝ ከሆነ ሐኪም ቀዳዳ አበጅቶ ደሙን ያስወጣልዎታል፤ በቤት መርፌ አይሞክሩት። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥቁረቱ ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት እየሄደ መቆረጥ አለበት። ባለበት ከቆመ፣ እየሰፋ ከመጣ ወይም ወደ ቆዳው ከተሻገረ ለቆዳ ሐኪም ያሳዩት።