ኤሲ ሲከፈት የሚሞቅ አሮጌ መኪና፦ ለወጣት መካኒኮች

ልጆቼ፣

ክላሲክ መኪና ይዞ የሚመጣ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላችኋል፦ «መኪናዬ ደህና ናት፤ የምትሞቀው ኤሲ ስከፍት ብቻ ነው። ችግሩ ኤሲው ነው።» ይህን ሰምታችሁ ቁልፍ ለማንሳት አትቸኩሉ። በዚህ ሙያ አርጅቼ አጥብቄ የማምነው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ኤሲ ጤነኛ ሞተር አያሞቅም። ቀድሞ የደከመውን ማቀዝቀዣ ያጋልጣል እንጂ። የእናንተ ሥራ ድካሙ የት እንደተደበቀ ማግኘት ነው።

ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ጉልበት ጎማ ላይ የሚደርሰው ከሲሶ ያነሰ ነው። የቀረው በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል መውጣት አለበት። ኤሲ ሲከፈት በዚህ ላይ ሌላ ጭነት ይመጣል። የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር የሚሽከረከረው በሞተሩ ጉልበት ነው፤ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር) ደግሞ ሞተሩ ያለው ጉልበት ትንሽ ነው። ኮንደንሰሩ (የኤሲው ሙቀት መጣያ) ከራዲያተሩ ፊት ስለተቀመጠ ከተሳፋሪው ክፍል የተወሰደውን ሙቀት ሁሉ ወደ ራዲያተሩ በሚገባው አየር ላይ ያራግፈዋል። ራዲያተሩ ሞቅ ያለ አየር፣ ያውም በኮንደንሰሩ ውስጥ አልፎ ፍጥነቱ የቀነሰ አየር ይደርሰዋል።

መኪና ሠሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴሉ ኤሲ ለደንበኞች ካቀረበ በኋላ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉ። ከፋብሪካ ኤሲ ታዝዞለት የሚወጣ መኪና ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ ራዲያተር፣ ብዙ ምላስ ያለው ቬንትሌተር (አየር ሳቢ ማራገቢያ) እና በዙሪያው የሚገጠም መከለያ ነበረው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «ኤሲው ከፋብሪካ ነው ወይስ በኋላ የተገጠመ?» የሚለው ይሁን። በኋላ የተገጠመ ከሆነ ራዲያተሩና ቬንትሌተሩ ለዚህ ጭነት ታስበው እንዳልተሠሩ አስታውሱ።

ከዚያ በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሙቀት ጌጅ ተጠራጠሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? የአሮጌ መኪና ጌጅ በሴንሰሩ፣ በዳሽቦርዱ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ወይም ዝጎ በላላ የመሬት ሽቦ ምክንያት ሊዋሽ ይችላል። በጨረር የሚሠራ የሙቀት መለኪያ ያዙና ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፈተው በር) የተቀመጠበትን ብረት ለኩ። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ መለኪያው ራሱ ስለሚሳሳት ቦታውን ጥቁር ቀለም ቀቡት ወይም ጥቁር ቴፕ ለጥፉበት። በ82 ዲግሪ የሚከፈት ቴርሞስታት ያለው ሞተር በሞቃት ቀን 90ን ትንሽ አልፎ ቢሠራ ከልክ በላይ ሞቀ አይባልም። 100 ዲግሪም ራሱ መፍላት ማለት አይደለም፤ ውሃና ኩላንት እኩል የተቀላቀለበት ሥርዓት ክዳኑ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚይዝ ከሆነ እስከ 129 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። መኪና ካቆሙና ሞተር ካጠፉ በኋላ ጌጁ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ማለቱም የተለመደ ነው፤ ውሃው መዞሩን ሲያቆም የብረቱ ሙቀት እዚያው ይጠራቀማል።

መሞቁን በቁጥር ካረጋገጣችሁ ባለቤቱን አንድ ነገር ጠይቁት፦ መቼ ነው የሚሞቀው? ቆሞ በትራፊክ መካከል ነው ወይስ በፍጥነት ሲነዳ? ይህ ጥያቄ የሥራውን ግማሽ ይጨርስላችኋል። ቆሞ የሚሞቅና ሲሄድ የሚቀዘቅዝ መኪና አየር ነው ያጣው። ቆሞ ደህና ሆኖ ሲነዳ የሚሞቅ ከሆነ ውሃው በሚፈለገው መጠን እየዞረ አይደለም ወይም ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል። በሁለቱም ጊዜ የሚሞቀውን ለብቻው እመጣበታለሁ።

የኤሲ ችግር ተብሎ የሚመጣው አብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። ራዲያተር ተቀይሮለት፣ የውሃ ፓምፕ ተቀይሮለት፣ ቴርሞስታት ተቀይሮለት አሁንም የሚሞቅ መኪና አንድ ጊዜ ወደ እኛ መጣ። ከፊት ሲታይ ኮንደንሰሩ ንጹሕ ነበር፤ ባለቤቱ በየሳምንቱ ያጥበዋል። የላይኛውን የራዲያተር ማሰሪያ ፈትተን ራዲያተሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርገን በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል የእጅ ባትሪ ስናበራ ግን አቧራ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የነፍሳት ክንፍና የዘይት ጭጋግ ተጋግሮ ስስ ምንጣፍ መስሎ ራዲያተሩን ከታች እስከ ግማሹ ሸፍኖታል። በጣት ሲነካ ተቆራርሶ ይወርድ ነበር። አዲሱ ራዲያተር ሲገጠም የገጠመው ሰው ራዲያተሩን እንጂ የኮንደንሰሩን ጀርባ አላየም፤ አሮጌው ቆሻሻ እዚያው ቀርቶ በአዲሱ ላይ ተደገፈ። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ በሚፈስ ውሃ አጠብነው። ኃይለኛ ግፊት ያለው ውሃ ስስ ክንፎቹን ስለሚያጣምም አትጠቀሙ። መኪናው ኤሲ ተከፍቶ ሚኒሞ ላይ ቆሞ ሙቀቱ ጸና። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ መካከል እዩ ብዬ የምነዘንዛችሁ ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ቬንትሌተሩ። ምላሶቹ ግማሽ በግማሽ መከለያው ውስጥ ገብተው መቀመጥ አለባቸው፤ መከለያ ከሌለ ቬንትሌተሩ የሞተር ክፍሉን ሙቅ አየር መልሶ ያዞራል እንጂ ከፊት አይስብም። በራዲያተሩ ጎንና በአካሉ መካከል ያለ ክፍተትም እንዲሁ ነው፤ አየር ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ በዚያ ያመልጣል። ክፍተቱን በስፖንጅ ወይም በጎማ መድፈን ብዙ ሰው የሚንቀው፣ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ሥራ ነው። ክላች ያለው ቬንትሌተር ከሆነ ሞተሩ ግሎ ከጠፋ በኋላ በእጅ አዙሩት። መቃወም አለበት። ያለ ምንም ትግል ብዙ ጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ ወይም መሐሉ ላይ ዘይት ካንጠባጠበ ሞቷል። የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ከተገጠመለት ደግሞ ወረቀት አስጠግታችሁ አየሩ በትክክል ወደ ሞተሩ እየሄደ መሆኑን እዩ፤ ሽቦው ተገልብጦ ወደ ፊት የሚነፍስ ብዙ አለ።

ወጣቶች የሚረሱት ታይሚንግ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ እሳቱ የሚለኮስበት ጊዜ ነው። ሚኒሞ ላይ እሳቱ ዘግይቶ ከመጣ ቃጠሎው እስከ ጭስ መውጫው ድረስ ይዘልቃል፤ ሙቀቱም ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ መኪናዎች ጭስ ለመቀነስ ሲባል ሚኒሞ ላይ ታይሚንጋቸው ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ተደርጎ ነበር። አንዳንዶቹ ላይ ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ የዲስትሪቢዩተሩን (የእሳት አከፋፋዩን) ቫኩም ወደ ማኒፎልዱ (የሞተሩ አየር ማስገቢያ) አዙሮ እሳቱን የሚያስቀድም የሙቀት ቫልቭ አለ። ቫልቩ ከሞተ ወይም ቱቦዎቹ ተቀያይረው ከተሰኩ ራዲያተር ብትቀይሩ አይድንም። የካርቡራተሩ ቤንዚን ሲያንስም እንዲሁ ሞተሩ ይግላል።

በኤሲው ጋዝ ላይም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ አር 12 የሚባለው የድሮ ጋዝ ከገበያ እየጠፋ ስለሄደ ብዙ አሮጌ ኤሲ ወደ አር 134ኤ ተቀይሯል። በሞቃት ቀን የአር 134ኤ ግፊት ከአር 12 ከፍ ስለሚል አሮጌው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለመጣል ይጨነቃል። ጋዝ ከልክ በላይ ሲሞላ ደግሞ ይብሳል። «ቀዝቃዛ እንዲሆን ጨምርበት» ሲሏችሁ እምቢ በሉ።

በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቀውን በአጭሩ ልለፈው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው፦ የላላ ወይም የሚንሸራተት ቺንጋ (ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ ምላሱ በዝገት ያለቀ የውሃ ፓምፕ፣ የተደፈነ ራዲያተር። የታችኛውን ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ግን አትርሱ፤ ፓምፑ የሚስበው በእሱ በኩል ስለሆነ ጎማው ከለሰለሰ በከፍተኛ ዙር ይጣበቃል፣ ሞተሩን ወደ ሚኒሞ ስትመልሱት ተመልሶ ይነፋል። ራዲያተሩን ለመፈተሽ ሞተሩ ግሎ ሳለ አጥፍታችሁ ፊቱን በሙሉ በመለኪያው አዳርሱት። በአንድ ቦታ ላይ ድንገት የቀዘቀዘ ክፍል ካገኛችሁ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ውሃ አያሳልፉም።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልን እንደ መፍትሔ የሚያስተምራችሁን ሰው አትስሙ። ቴርሞስታት የሚወስነው ሞተሩ ከስንት ዲግሪ በታች እንዳይሠራ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ያለው ጉዳይ የራዲያተሩ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ሲወጣ የማለፊያው መንገድ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር ውሃው ራዲያተሩ ሳይደርስ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ከጠረጠራችሁት በክር አንጠልጥላችሁ የድስቱን ታች ሳይነካ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አፍሉት፤ በስንት ዲግሪ መከፈት እንደሚጀምር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ክዳንም ቢሆን ፋብሪካው ካዘዘው በላይ ግፊት የሚይዝ አትግጠሙ። ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ የድሮ ራዲያተር የተበየደበት ቦታ ይከፈታል።

ቆሞም ሄዶም የሚሞቅ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ወዲያው ማኒኮቶው እንደ ድንጋይ የሚጠነክርና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) መበላቱን ጠርጥሩ። ኤሲውን ተዉትና እሱን መርምሩ።

ለባለቤቱም ይህን ንገሩት። መንገድ ላይ ጌጁ ሲወጣ ኤሲውን ይዝጋ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈት፤ ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። እንፋሎት ከወጣ ወዲያው ሞተሩን ያጥፋ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይክፈት፤ የሚፈነዳው ውሃ ፊት ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስስ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሥራውን ጨረስኩ ከማለታችሁ በፊት በሞቃት ሰዓት ኮፈኑን ዘግታችሁ፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ መኪናውን ሚኒሞ ላይ ለሃያ ደቂቃ አቁሙት። ሙቀቱ ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ ከጸና ደህና ነው፤ መውጣቱን ካላቆመ ገና ያላገኛችሁት ነገር አለ። በመጨረሻም የላይኛውንና የታችኛውን ማኒኮቶ ሙቀት፣ የዕለቱን የአየር ሙቀትና ቀኑን በወረቀት ጻፉና ለባለቤቱ ስጡት። መኪናው በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ከዚያ ቁጥር ጋር አስተያዩት።