ጠዋት ስትከፍተው የሚጠፋው ሴቲንግ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ፓስታ ፋብሪካ የጥገና ቴክኒሻን ነኝ። የማድረቂያ ክፍሉን ሙቀት የሚከታተል ፕሮግራም በላብቪው (ፕሮግራም በሥዕል በሚሠራበት ሶፍትዌር) ሠርቻለሁ። እኔ ላፕቶፕ ላይ የማንቂያ ገደቡና የሴንሰሩ እርማት እንዳስቀመጥኳቸው ይቆያሉ። ኤግዝኪውተብል (ተሠርቶ ያለቀ፣ ራሱን ችሎ የሚከፈት ፕሮግራም) አድርጌ ፋብሪካው ኮምፒውተር ላይ ከጫንኩት ወዲህ ግን በተከፈተ ቁጥር ወደ ድሮው ይመለሳሉ። ባለፈው የሌሊት ፈረቃው መሙላቱን ረስቶ አንድ ክፍል ሙሉ ፓስታ ተሰነጣጠቀብን። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ በድሬ ወግ አንተ እያልኩህ ልቀጥል። ላፕቶፕህ ላይ «ሜክ ከረንት ቫልዩስ ዲፎልት» የሚለውን ተጭነህ ሴቭ አድርገሃል መሰለኝ። እሱ ቁጥሩን የሚያስቀምጠው እዚያው ቪአይው (የላብቪው የፕሮግራም ፋይል) ውስጥ ነው። ኤግዝኪውተብሉ ግን አንዴ ከተሠራ ራሱን አይለውጥም። ሲከፈት የሚያውቀው በተሠራበት ቀን የነበረውን ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ሴቲንግህን ከፕሮግራሙ አውጣና የራሱን ፋይል ስጠው።

ለዚህ የተዘጋጁ ቪአይዎች አሉ። ፋይል አይኦ ሥር «ኮንፊገሬሽን ፋይል» የሚለውን ክፈት። አራቱ ይበቁሃል፦ ኦፕን ኮንፊግ ዳታ፣ ሪድ ኪ፣ ራይት ኪ፣ ክሎዝ ኮንፊግ ዳታ። የሚፈጥሩት ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፣ በኖትፓድ ይከፈታል።

[ማድረቂያ]
የማንቂያ_ገደብ=75
እርማት=-1.5

በፊደላችን የጻፍኩት እንዲገባህ ነው። አንተ ስሞቹን በላቲን ፊደል ጻፍ፤ ላብቪው ከግዕዝ ፊደል ጋር አይስማማም፣ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ያቀርብልሃል።

ፕሮግራሙ ሲነሳ፣ ዋናው ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሠራው ክፍል) ከመጀመሩ በፊት፣ ቁጥሮቹን በሪድ ኪ አንብብ። ሪድ ኪ ላይ «ዲፎልት ቫልዩ» የሚባል መግቢያ አለ። ባዶ አትተወው። ፋይሉ ቢጠፋ ወይም መስመሩ ባይገኝ የሚወጣልህ ቁጥር እሱ ነው፤ ባዶ ከሆነ ዜሮ ታገኛለህ። ፓስታውን የማያበላሽ ቁጥር ስጠው። የተነበበውንም ዝም ብለህ አትመን። «ኢን ሬንጅ ኤንድ ኮኧርስ» ውስጥ አሳልፈው፤ አንድ ሰው በኖትፓድ ገብቶ 75ን 750 ቢያደርገው እዚያ ላይ ይያዛል።

አሁን ዋናው ነገር፣ መቼ ይጻፍ? ብዙ ሰው ፕሮግራሙ ሲዘጋ ይጽፋል። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የምሠራው፣ መብራት እስኪያስተምረኝ ድረስ። ሴቲንጉን የሚጽፈው ክፍል ስቶፕ ሲጫን ብቻ ነበር የሚሠራው። መብራት ድንገት ሲሄድ ስቶፕ የሚጫን ማን አለ? የቀኑ ለውጥ ሁሉ አብሮ ሄደ። ላይኛው ባር ላይ ያለው ቀዩ ባለ ስምንት ማዕዘን ቁልፍም እንደዚያው ነው። ፕሮግራሙን ባለበት ይቆርጠዋል እንጂ ወደ መዝጊያው አያደርሰውም። ኤግዝኪውተብሉ ላይ ደብቀው።

ስለዚህ ሰውየው ቁጥሩን እንደቀየረ ወዲያው ጻፍ። ኢቨንት ስትራክቸር (አንድ ነገር ሲነካ የሚሠራው ሳጥን) ውስጥ ለእያንዳንዱ ሴቲንግ «ቫልዩ ቼንጅ» ክፈት፤ እዚያው ኦፕን፣ ራይት፣ ክሎዝ። ክሎዙን እንዳትረሳው። ራይት ኪ የሚጽፈው ሚሞሪ ላይ ነው፣ ዲስኩ ላይ የሚያሳርፈው ክሎዝ ነው። መጀመሪያ ላይ ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ክፍት መተው ምንም እንዳልጻፉ ነው። ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ሁሉንም በደህና ካነበበ፣ ፋይሉን በሌላ ስም ኮፒ ያድርገው። እየጻፈ ሳለ መብራት ቢሄድ መጠባበቂያ ይኖርሃል።

ፋይሉ የት ይቀመጥ? ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አይሆንም፤ ተራ ተጠቃሚ እዚያ እንዲጽፍ ዊንዶውስ አይፈቅድም። «ጌት ሲስተም ዳይሬክተሪ» ላይ «ፐብሊክ አፕሊኬሽን ዳታ»ን ምረጥና የራስህን ፎልደር ፍጠርበት። የቀንና የሌሊት ፈረቃው በተለያየ አካውንት የሚገቡ ከሆነ ለፎልደሩ የመጻፍ ፈቃድ ለሁሉም ስጥ። ካልሆነ አንዱ የፈጠረውን ሌላው ያነበዋል እንጂ አይቀይረውም። ስህተትን የሚያስተላልፈውን ኤረር ዋየርም መልእክት ከሚያወጣ ነገር ጋር አገናኘው፤ መጻፍ ሲያቅተው ማወቅ አለብህ።

ስለ እርማቱ አንድ ነገር ልጨምር። ሴንሰሩን በፈላ ውሃ የምትፈትን ከሆነ 100 አትጠብቅ። ድሬ ከባህር ወለል 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደንገጎን ወጥተህ ሐረር ስትደርስ ደግሞ ወደ 94 ይወርዳል። ጤነኛውን ሴንሰር «100 ማለት አለበት» ብለህ 4 ብትጨምርበት፣ ስክሪኑ 75 ሲል ክፍሉ 71 ነው። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ስህተት ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋ ነበር። ከእንግዲህ ግን ፋይሉ ይዞት ይቆያል። ለዚህ እርማቱን ብቻ አታስቀምጥ፤ ከጎኑ የተፈተነበትን ቀን፣ የሴንሰሩን ቁጥርና የፈታኙን ስም የሚይዙ ሦስት መስመሮች ጨምር። ሴንሰሩ ሲቀየር የድሮው እርማት ለአዲሱ እንደማይሆን የሚነግርህ ያ የሴንሰር ቁጥር ነው።