ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም?

ጥያቄ፦

መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ወረቀቴ ስላላለቀ ሄጄ አልቀበርኳትም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ራቀኝ፣ ሰው ማየትም አስጠላኝ። ሐኪሜ መድኃኒት ጀመረችልኝ፣ ውሻ ባሳድግ እንደሚረዳኝም መከረችኝ። ቡቺን አመጣሁት። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ተሻለኝ። ቢያንስ ጠዋት እሱን ለማናፈስ ከአልጋ እነሳለሁ። በቀደም ግን የእናቴ ጓደኛ ልትጠይቀኝ መጥታ "ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም፣ ጸሎትሽም አያርግም" ብላ ቡና እንኳን ሳትቀምስ ወጣች። ቡቺን ላስወጣው? በጾምስ ሥጋ ልስጠው? አይሳቁብኝና፣ ታሞ ሳለ ጸልዬለታለሁ። ኃጢአት ነው?

መልስ፦

እኅቴ፣ በመጀመሪያ የእናትሽን ነፍስ ይማር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናዘዝ፤ እኔ የውሻ ወዳጅ አይደለሁም። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው እንዴት ብሎ ውሻ ይወዳል? ጎጃም ቅኔ ቤት ሳለን ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልን በየደጁ ስንዞር ከባለቤቱ በፊት የሚቀበለን ውሻው ነበር። ግራ ባቴ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። ስለዚህ ለቡቺ አድልቶ ነው እንዳትዪኝ።

"መልአክ አይገባም" የሚለው ወሬ በመጽሐፋችን የለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው ያለው። መጽሐፈ ጦቢት ከ81ዱ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት አንዱ ነው፣ አውጪና አንብቢው። ጦቢት ዓይኑ ታወረና ልጁን ጦብያን ገንዘብ እንዲያመጣ ሩቅ አገር ሰደደው። ቅዱስ ሩፋኤል በሰው አምሳል ተገልጦ መንገድ ሊመራው አብሮት ወጣ። ምዕራፍ 5 ላይ ሲነሡ የልጁ ውሻ አብሯቸው ነው። ምዕራፍ 11 ላይ ሲመለሱም ውሻው ከኋላ ከኋላ ይከተላቸዋል። እስቲ አስቢው፣ ስሙ "እግዚአብሔር ፈወሰ" ማለት የሆነ፣ ከሰባቱ ሊቃነ መላእክት አንዱ፣ ያን ሁሉ አገር ከውሻ ጋር ሲጓዝ "ይህን ውሻ መልስልኝ" አላለም። ያንቺ ሳሎን ይከብደዋል?

ውሻ በመጽሐፍ ቅዱስ ስድብ ሆኖ መጥቷል፣ አልክድም። ሐዋርያው ጳውሎስ "ከውሾች ተጠበቁ" ይላል። የሚናገረው ግን ስለ ክፉ ሠራተኞች፣ ስለ ሰዎች ነው። ባለ አራት እግሩን አይደለም። ሉቃስ 16 ላይ ደግሞ አልዓዛር በባለጠጋው ደጅ ቆስሎ ሲወድቅ ባለጠጋው ዞር ብሎ አላየውም፣ ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምሬው በደንብ የገባኝ አንድ ሌሊት ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ለማሕሌት ስንገባ ከቅጥሩ ውጭ ከሚያድሩት ነድያን መካከል አንድ ሽማግሌ ማዳበሪያ ለብሰው፣ ከማዳበሪያው ሥር ውሻ አቅፈው ይተኙ ነበር። ዳቦ ስትሰጫቸው መጀመሪያ ለእሷ ይቆርሱላታል። አንድ ቀን ደፍሬ "አባቴ፣ ኧረ ከውሻ ጋር አይተኙ" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና "ሌሊት ማን መጥቶ ያሞቀኛል? አንተ?" አሉኝ። ምን ልመልስ? ዝም ብዬ ገባሁ።

ስለ መሻልሽ፣ ይህ ቅዠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ውሻና ጌታው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል። እናትን ከልጇ የሚያስተሳስረው ያው ሆርሞን ነው። እኔ እንዲህ ነው የማየው፦ የጦቢት ዓይን የበራው በዓሣ ሐሞት ነው። ፈዋሹ እግዚአብሔር፣ ሐሞቱ ምክንያት። ቡቺም ምክንያት ነው። ሐኪምሽ ያዘዘችውም ምክንያት ነው፣ ስለዚህ ኪኒንሽን ከሐኪምሽ ሳትማከሪ እንዳታቋርጪ።

ሥርዓቱ ግን ሥርዓት ነው። ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ "ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ" የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ቤትሽ ውስጥ ሥዕለ አድኖውን ከፍ አድርገሽ ስቀይ። ጠበሉንና የጸሎት መጽሐፉን እሱ ከማይደርስበት አኑሪ፣ ከነካካሽው በኋላ እጅሽን ሳትታጠቢ አትንኪያቸው። ስትጸልዪ ሌላ ክፍል ቢሆን ደስ ይለኛል። ቢያመልጥሽና መጥቶ እግርሽ ሥር ቢጋደም ግን ጸሎትሽ አያርግም ማለት አይደለም፣ ዳዊትሽን ቀጥዪ። ክትባቱንም እንዳትረሺ።

የጾሙ ጥያቄ አሳቀኝ፣ ይቅርታ። በነነዌ እንስሳትም ጾመዋል፣ እውነት ነው፣ በዮናስ ዘመን የንጉሡ አዋጅ ስለነበረ። የቤተ ክርስቲያን የጾም ሕግ ግን ቡቺን አይመለከተውም። ሥጋውን ስጪው፣ አንቺ ብቻ ጣትሽን እንዳትልሺ።

ጸሎቱም ኃጢአት የለበትም። ዳዊት "አቤቱ፥ ሰውንና እንስሳን ታድናለህ" ብሎ የለ? ዳሩ ግን የሰው ነፍስ ነባቢት (ተናጋሪ) ናት፣ ለባዊት (አስተዋይ) ናት፣ ከሥጋ ተለይታ ትኖራለች። የእንስሳ ነፍስ ደማዊት ናት፣ ከደሙ ጋር ታልፋለች። ስለዚህ ለውሻ ክርስትና የለም፣ ፍትሐትም የለም። በሞተ ጊዜ ብታለቅሺ ግን ማንም አይፈርድብሽም።

አሁን ወዳልጠየቅሽኝ ልምጣ። ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን ያስጨነቀኝ ውሻው አይደለም፣ "ሰው ማየት አስጠላኝ" ያልሽው ነው። እናትሽን አልቀበርሽም። ለቅሶ ተቀመጥሽ? አርባዋን አወጣሽ? ሰው ከቦሽ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ሲልሽ ሰማሽ? አልሰማሽም መሰለኝ። ቡቺ ጠዋት ከአልጋ ያስነሳሻል፣ እሰየው፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እናትሽ ልጅ ሳለች ምን ትመስል እንደነበር ግን ሊነግርሽ አይችልም። ያን የምታውቀው ቡናሽን ሳትጠጣ የወጣችው ሴትዮ ናት። እሷንም አትቀየሚያት። በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ሲሞት እየሰማች ያደገች፣ ውሻን በበር እንጂ በሳሎን አይታ የማታውቅ ሰው ናት፤ የደነገጠችው እንደዚያ አድጋ ነው።

ሙት ዓመቷ ደርሷል አልሽኝ። ለንስሐ አባትሽ ንገሪና ጸሎተ ፍትሐቱ ይደረግ። አቅምሽ የፈቀደውን አዘጋጂ፣ ትልቅ ድግስ አይደለም፣ እንጀራና ሽሮም ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ለእናትሽ ጓደኛ ራስሽ ደውዪላትና ጥሪያት። ስትመጣ ቡቺን መኝታ ቤት አስገብተሽ በሩን ዝጊ፣ ቡናውን ከእሷ አጠገብ ተቀምጠሽ አፍዪ፣ ስለ እናትሽም ጠይቂያት።